የተቆጣ አንጀት

የዩኒፎርሙን ኮት ኪስ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ስታራግፈው የዳቦ ፍርፋሪ ወረደ። ብዙ አይደለም፤ ግፋ ቢል አንዲት የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። እናት ግን ክው ብላ ቀረች። ጣቷን በምራቋ አርሳ አንዷን ፍርፋሪ አነሳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት። ነጭ ዳቦ ነው። ጥርጥር የለውም።

«ነይ እስቲ ወዲህ!» ብላ ተጣራች።

ልጅቷ ካልሲዋን ባንድ እግሯ ብቻ አጥልቃ ከመኝታ ክፍሉ ብቅ አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሩ ላይ ስትቆም ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትመስላለች። የሹራቧ እጅጌ ጣቶቿን አልፎ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ዓይን የለሽም? ይሄ!»

«የጓደኛዬ ይሆናል። ትናንት በረደኝ ብላ ለብሳው ነበር።»

«ጓደኛሽ ዳቦ በኪሷ ይዛ ነው እንዴ የምትዞረው?»

«አንቺ ትሙቺ እማዬ፣ አልበላሁም!»

«ተይ እኔን አትግደይኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተከለች። እዚያ ላይ በእናቷ የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ሲጀመር ግማሽ ገጽ ነበር፤ ስኳር፣ ነጭ ዱቄት፣ የታሸገ ጭማቂ፣ የተጠበሰ ነገር። ከወር በኋላ ወተትና ቅቤ ተጨመሩ። ከዚያ ቀይ ሥጋ፣ ከዚያ ድንችና ቲማቲም፣ ቆይቶ ደግሞ እንቁላልና ጥራጥሬ። አሁን ከታች ሁለተኛ ወረቀት በፕላስተር ተቀጥሎበት ማቀዝቀዣው ሲከፈት ይንኮሻኮሻል።

ቁርሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የተቀቀለ ዱባ እርድ ተነስንሶበት፣ ጎን ለጎን ጎመን፣ በብርጭቆ ደግሞ ተልባ። እናት እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ከራስጌዋ ቆማ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ልጅቷ ሳታላምጥ ማለት ይቻላል ዋጠችው። ክኒኖቿን አስከትላ አፏን በእጅጌዋ ጠረገችና፣

«ጨረስኩ» አለች።

«ጎበዝ። ዛሬ ውጤታችንን እንሰማለን። ይሄ ሁሉ መከራ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሻል።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ እጇ ከድጋፉ ላይ አልተነሳም።

ነገሩ የጀመረው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። መጀመሪያ ሆዴን ሆዴን ማለት አበዛች፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት መመላለስ፣ ከዚያ ደም። ምርመራ በምርመራ ላይ ተደራርቦ በመጨረሻ ሐኪሟ ወረቀቱን ገልጣ፣ «አንጀቷ ተቆጥቷል» አለቻቸው። «ብግነት ነው የምንለው። ተነቅሎ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፤ ግን ይያዛል። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች እንደ እኩዮቿ ትኖራለች።» ስለ ምግብም ጥቂት ነገር ተናግራ ነበር፤ ስኳሩን ቀነስ፣ የታሸገውን ተወት፣ አትክልቱንና ዓሣውን ጨመር።

እናት ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው አንዱን ቃል ብቻ ነበር። ተቆጥቷል። የተቆጣ ነገር የሚያስቆጣው አለው ማለት ነው። ማን አስቆጣው? ስትፈልግ ስትፈልግ ራሷን አገኘች። ልጅቷ ጡት ከተወች ጀምሮ አባት በአውቶቡስ መሪ ላይ፣ እናት በፖስታ ቤት መስኮት ላይ ነበሩ። ለቁርስ ብስኩት ነው፣ ለምሳ ብስኩት ነው፣ ስታለቅስ ከረሜላ ነው፣ ዝም እንድትል ደግሞ ጣፋጭ መጠጥ ነው። ያኔ ልጅን ማስደሰት መስሏት ነበር። አሁን ያ ሁሉ ብስኩት አንድ በአንድ እየተነሳ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ መሃል በስልኳ ቪዲዮ ላይ የምታያት ሴትዮ መጣች። ስሟን እንኳ በቅጡ አታውቀውም። ከኋላዋ አረንጓዴ ቅጠል የተደረደረ፣ ድምጿ እንደ ማር የሚወርድ ሴት ናት። «በልጅሽ አንጀት ውስጥ ያለው እሳት፣ አንቺ ገበታ ላይ ያስቀመጥሽው ነው» ትላለች ካሜራውን ትክ ብላ እያየች። ሌላ ሰው ቢሰማው ይናደድ ነበር። እናት ግን ዳኛዋን እንዳገኘች ተከሳሽ አንገቷን ደፋች፤ ማስታወሻ ደብተርም ገዛች።

ሴትዮዋ የምትለው ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ግን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ደሙ ቆመ፣ ቁርጠቱ ጋብ አለ። ክኒኑ የተጀመረው በዚያው ሳምንት መሆኑን እናት ልብ አላለችም፤ ወይም ልብ ልትለው አልፈለገችም። ከዚህ ሌላ የራሷ የታመመ ጉልበት ነበር። ከልጇ ጋር አንድ ማዕድ ልቁረስ ብላ ዱባና ጎመኑን ስትበላ አሥራ አንድ ኪሎ ቀነሰች፤ ለዓመታት የኖረው የጉልበቷ እብጠትም ጎደለ። ደረጃ ስትወጣ አታቃስትም። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይምጣ?

የዚያን ቀንም ፖስታ ቤት ገብታ እስከ ቀትር ያለ ወንበር ሠራች። የእሷ ሥራ ጥቅል መመዘን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ መስኮት ስለቆመች ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። ጥቅሉን ገና ከደንበኛው እጅ ስትቀበል ክብደቱን ትናገራለች፤ ከሃምሳ ግራም በላይ ስታ አታውቅም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በእሷ ላይ ሻይ ያስይዙበታል።

በሚቀጥለው መስኮት ያለችው ባልደረባዋ «ቴምብር» ትባላለች። ቴምብር የሚገዛ ሰው እየጠፋ ስለሄደ ጊዜዋ ሁሉ ወሬ ነው።

«ልጅሽን ትናንት አውቶቡስ ላይ አየኋት» አለች ቴምብር፣ ወረፋው ሳሳ ሲል።

«እንዴት ነበረች?»

«ከኋላዋ አላወቅኋትም። እውነቴን ነው፤ ትንሽ ልጅ መስላኝ ቦታ ልለቅላት ነበር።»

«ቀንሳለች። ጤነኛ መቀነስ ነው። አንጀቷ እያረፈ ነው።»

«እኔ እንኳ... ሰው ሲከሳ ለመድከም እንጂ ለማረፍ አይመስለኝም።»

«አንቺ ደግሞ ያላነበብሽውን አታውሪ።»

ቴምብር ከንፈሯን መጠጠችና ወደ መስኮቷ ዞረች። እናት አንዱን ጥቅል አንስታ፣ «ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለች፤ አስቀመጠችው፤ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ አሥር ሆነ።

የሐኪም ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ባሏ ልጅቷን ከትምህርት ቤት በራሱ አውቶቡስ ይዟት ሊመጣ፣ እናት ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ በመጨረሻው ፌርማታ ልታገኛቸው ተስማምተዋል፤ ሆስፒታሉ ከዚያ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። የከሰዓቱ የጥቅል መኪና በመዘግየቱ ግን ሥራ ቀዘቀዘና አለቃዋ ቀደም ብላ እንድትወጣ ፈቀደላት። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች።

አውቶቡሱ ከአንድ ረጅም ግንብ ጥግ ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ በሮቹ ተዘግተዋል። ሌላ ተሳፋሪ የለበትም። ባሏ በሾፌር ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል። ልጅቷ ከፊተኛው ወንበር ላይ ናት፤ በመካከላቸው ጋዜጣ ተዘርግቷል። በጋዜጣው ላይ ለሁለት የተከፈለ ትልቅ ዳቦ አለ፤ በመሃሉ እንቁላል ተጠብሶ ገብቶበት ዘይቱ ጋዜጣውን አርሶታል።

ልጅቷ ጉንጯ እስኪነፋ ጎርሳ የሆነ ነገር ተናገረች። አባት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እሷም አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች።

እናትን መጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም፤ ባልተጠራችበት ግብዣ በር ላይ የደረሰች ሰው ስሜት ነበር። ልጇ እንዲህ ስትስቅ ካየች ስንት ጊዜዋ ነው? ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመጣ ግን ጎርፍ ሆኖ መጣ። በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

ባሏ አየት አደረጋትና ሳይቸኩል ቁልፉን ተጫነ። በሩ ተነፈሰና ተከፈተ።

ልጅቷ ቀና ስትል እናቷን አየች። ያኔ ያደረገችውን እናት በኋላ ልትረሳው ብትሞክርም ከዓይኗ ሊጠፋ አልቻለም። ልጅቷ ጎንበስ አለችና አፏ ውስጥ ያለውን ሁሉ መዳፏ ላይ ተፋችው። ተፍታም አልቀረች፤ ጣቶቿን ጨብጣ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ለምን ተፋሽው ወፌ?» አለ አባት ቀስ ብሎ። ከልጅነቷ ጀምሮ ወፌ ነው የሚላት። «ምንም አይደለም። ብዪ።»

ልጅቷ ጭንቅላቷን በእምቢታ ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እናት።

«ሁለት ወር አልፎታል።»

«በየቀኑ?»

«ትምህርት ባለ ቀን ሁሉ።»

«እኔ ሌሊት ተነስቼ ዱባ እቀቅላለሁ፣ አንተ ቀን መርዝ ታበላታለህ! ዛሬ ውጤቷ ተበላሽቶ ቢገኝ ምን ልትል ነው? ንገረኛ!»

«ዳቦ ነው» አለ ሾፌሩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ማድረግም አያውቅበትም። «ዳቦ በእንቁላል።»

እናት ወደ ውስጥ ገብታ ጋዜጣውን ከነዳቦው ጠቅልላ በእጇ ያዘችና ወረደች። የቆሻሻ ገንዳው ድረስ ሄዳ ጣለችው። ባሏ አውቶቡሱን ለተረኛው ሾፌር ሲያስረክብ ሦስቱም በአንድ መንገድ፣ ልጅቷን በመሃል አድርገው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ።

ነርሷ ኮትና ጫማ አስወልቃ ልጅቷን ሚዛን ላይ አቆመቻት። ጻፈችና ሰረዘችው። «እስቲ ውረጂና እንደገና ውጪ» አለቻት። ሁለተኛውንም አነበበች።

«ሠላሳ አምስት ከስድስት መቶ።»

«ሚዛኑ ይሳሳታል» አለች እናት።

«ጠዋት ነው የተስተካከለው።»

«ቆይ አንዴ።» እናት ጎንበስ አለች። ልጅቷ ከወረደች በኋላ ንባቡ ዜሮ ላይ መሆኑን አየች። በእጇ ጫን አለችው፤ ለቀቀችው፤ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ደንበኞች አልተስማማንም ሲሏት ሁሌ የምታደርገው ይህንን ነበር። ሚዛኑ ደኅና ነው።

«ከአራት ወር በፊት አርባ አራት ነበረች» አለች ነርሷ ካርዱን እያየች።

ሐኪሟ ልጅቷን አስተኝታ ሆዷን ዳበሰች፤ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ጥፍሮቿን አየች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የላቦራቶሪውን ወረቀት አነሳች።

«ብግነቱ ወርዷል» አለች። «በጣም ወርዷል። እዚህ ላይ ጥሩ ነው።»

እናት ከገባች ጀምሮ አፍናው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ወደ ባሏ ዞረች። «አላልኩም? አላልኩህም?» ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ለሐኪሟ አቀረበች። «ሁሉንም ጽፌዋለሁ ዶክተር። የበላችውን፣ ያልበላችውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን። ለሌላም እናት የሚጠቅም ከሆነ ይውሰዱት።»

ሐኪሟ ደብተሩን ገለጠች። አንዱን ገጽ አንብባ ወደ ሌላው አለፈች፤ ወደ ሌላው። እየቆየች በሄደች ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ይህንን ማን አዘዘልዎት?»

«እርስዎ ነዎት የጀመሩት። ስኳር ይቀነስ አላሉኝም?»

«ብያለሁ። አሁን ከምግብ የቀራት ምንድን ነው?»

«ዱባ አለ። ጎመን አለ። ካሮት፣ ቀይ ሥር... ዓሣ በሳምንት አንዴ። ተልባ ጠዋት ጠዋት።»

ሐኪሟ ደብተሩን ከደነችው። ስትናገር ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ልብ ብለው ይስሙኝ። ስኳሩን መቀነስዎ ጥሩ ነው። ዓሣውና አትክልቱም ጥሩ ነው። ብግነቱን በዋናነት ያወረደው ግን ክኒኑ ነው። ምግብ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። ምግብ የሚመረጠው ደግሞ በቂ ሆኖ ሲበላ ነው። ይህች ልጅ ገና እያደገች ያለች ልጅ ናት። ደሟ አንሷል፤ ፕሮቲኗ ወርዷል። ዛሬ እኔ ፊት ያለው በሽታ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሌላ ነው።»

«ሌላ ምን?»

«ረሃብ።»

ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?»

ልጅቷ አባቷን አየች። አባት ወለሉን አየ። «ቀርቷል» አለች ልጅቷ። «አራት ወር ሆነው።»

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

«ሌላ ነገር ትከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ።»

እናት እጇን ወደ ተከደነው ደብተር ዘረጋችና መለሰችው።

«ከዚህ ደብተር ውጪ የምትበላው ነገር አለ?» ስትል ሐኪሟ ጠየቀች።

ሾፌሩ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «አለ ዶክተር። እኔ ነኝ የማበላት። ዳቦ በእንቁላል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ለማለት እንኳ... ቅዳሜና እሁድ አይመቸንም። ቤት ነን።»

ሐኪሟ ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በእግሯ አትመጣም ነበር» አለች። «አሁን ትተኛለች። ቢያንስ አንድ ሳምንት። ተርቦ የቆየ ሰውነት በአንዴ ብዙ አይሰጠውም፤ ደሟን እያየን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምንጨምርላት።» ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ምን ብትበዪ ደስ ይልሻል? ሐኪም ናት ብለሽ አትፍሪኝ፤ ያማረሽን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«እማዬ የፈቀደችውን።»

መኝታ ክፍል እስኪዘጋጅ ባልና ሚስት ኮሪደሩ ውስጥ በአንድ የብረት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በሽተኞች የግሉኮስ መስቀያቸውን እየገፉ ያልፋሉ። ሾፌሩ የሥራ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዞረዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ምኑን?»

«እየራባት እንደሆነ።»

«ነግሬሻለሁ።» ቆቡን ማዞሩን አቆመ። «ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች አልኩሽ። ሰውነቷ እየጸዳ ነው አልሽኝ። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው አልኩሽ። እሱንም ስልክሽ ላይ ፈልገሽ አገኘሽው።»

«ከዚያ በኋላ ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ። ጥሩ አላደረግሁም። ፊት ለፊትሽ ቆሜ ከመሟገት ከጀርባሽ ዳቦ መግዛት ቀለለኝ።»

እናት እጆቿን አየቻቸው። የጥቅል ገመድ መሃል ጣቷ ላይ ያወጣው ጠባሳ አለ። እነዚህ እጆች ያልታሸገን ነገር ክብደት ማወቅ ተሳናቸው። ማታ ማታ ልጇን አቅፋ ስትስማት አጥንቷ ይሰማት ነበር። ይሰማታል፤ ግን አንጀቷ እየዳነ ነው ብላ ታልፈዋለች።

«ከአፏ አወጣችው» አለች። «አይተሃል? ከአፏ አውጥታ ደበቀችው። ከእኔ።»

«አይቻለሁ።»

«እኔ እኮ እንዳታማት ብዬ ነው።»

ሾፌሩ እጁን በእጇ ላይ አደረገ፤ እሱም ቢሆን ብዙ አልቆየም፤ ነርሷ ክፍሉ ዝግጁ ነው ብላ ጠራቻቸው።

አራት አልጋ ያለበት ክፍል ነው። የልጅቷ አልጋ ከመስኮቱ ሥር ነው። የሆስፒታሉ ፒጃማ አንገቱ ሰፍቷት የአንገት አጥንቶቿ ሁለት ጉድጓድ ሠርተው ይታያሉ። ራት ቀደም ብሎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ትንሽ ሩዝ፣ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዲት ቁራሽ ዳቦ፣ በኩባያ ትንሽ ወተት። አስተናጋጇ የአልጋውን ጠረጴዛ አስጠግታላት ሄደች።

እናት ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባሏ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

«ብዪ የኔ ልጅ።»

«ልብላ?»

«አዎ፣ ብዪ።»

«ዳቦውንም?»

«ዳቦውንም። ሁሉንም።»

ልጅቷ ዳቦውን አነሳች። ዓይኗ ግን ዳቦው ላይ አልነበረም፤ የእናቷ ፊት ላይ ነበር። አፏ ድረስ አደረሰችውና መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

«አሁን አልራበኝም።»

እናት ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሲያቅታት ወደ መስኮቱ ዞረች። ከውጪ የመኪና ማቆሚያው ይታያል። አንድ ቀይ መኪና፣ ሁለት ነጭ መኪና ቆጠረች። ከኋላዋ የሹካ ድምፅ አልተሰማም። መልሳ ስትዞር ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። እናት አንድ ዘዴ የመጣላት መሰላት። ከዳቦው ጫፍ ቆርሳ ራሷ ጎረሰች። ስድስት ወር ሙሉ ያልቀመሰችው ዳቦ ነው፤ አፏ ውስጥ አልሟሟ አለ።

«አየሽ? እኔም በላሁ።»

ልጅቷ ወደ ኋላዋ ትራስ ሸሸት አለች።

«እየፈተንሽኝ ነው?»

እናት የጎረሰችውን ዋጠች።

በዚህ ጊዜ የዋርዱ ነርስ ካርድና እስክሪብቶ ይዛ ገባች። በሥራ የደከመች፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። «አስታማሚ የምንፈቅደው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች። «እሱ ቀንም ሌሊትም አጠገቧ ይሆናል፤ እያበረታታ ያበላታል። ሌላው በጠያቂ ሰዓት ይመጣል። እናት እርስዎ ነዎት አይደል?» መልስ ሳትጠብቅ ካርዱን አልጋው ጫፍ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ያን መልስ ማን ይጠብቃል? የታመመች ልጅ አጠገብ እናት ካልሆነች ማን ይሆናል?

እናት ልጇን አየች። በልጅቷ ፊት ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ዱባውን ስትውጥ የነበራት ፊት ነው። ሳህኑ ላይ ሩዙ ቀዝቅዞ ጫፍ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል። እናት ስንት ማንኪያ እንደሚሆን በዓይኗ እየለካች መሆኗን አወቀችው። ዓይኗን ሰበረች። ዓይኗ ግን መልሶ ሄደ።

«ሲስተር» አለች። «አባቷን ይጻፉት።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ሴት ልጅ ናት እኮ፤ እናት ብትሆን ይሻላታል። ደግሞስ ጀምሬዋለሁ።»

«ግድ የለም፤ ይሰርዙት። አባቷ ይሁን።»

ባሏ ከበሩ ወደ አልጋው ቀረብ አለ። «ነገ ፈረቃ አለብኝ» አለ ግራ ተጋብቶ። «ለአለቆቹም አልተናገርኩም።»

«አሁን በአውቶቡሶቹ ዴፖ በኩል አልፋለሁ። እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እምቢ ካሉ አለቅሳለሁ።»

«አንቺስ?»

እናት ወደ ነርሷ ዞረች። «የምግብ ሰዓት ስንት ስንት ሰዓት ነው ሲስተር?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ አሁን አሥራ አንድ ተኩል ላይ። በመሃል አራት ሰዓትና አሥር ሰዓት ላይ ትንሽ ነገር እንሰጣታለን።»

እናት ሰዓቶቹን በልቧ ደረደረቻቸው። «እንግዲያው የእኔ መምጫ ስምንት ሰዓት ይሁን» አለች። «ከምሳ በኋላ። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ።»

ነርሷ የጀመረችውን ስም ሰርዛ የሾፌሩን ጠየቀችው። እሱ እየመለሰ እናት ቦርሳዋን አነሳች። ጎንበስ ብላ የልጇን ግንባር ሳመች። ግንባሩ ትኩሳት የለውም፤ ቀዝቃዛ ነው። ልጅቷ በሁለት ጣቷ የእናቷን እጅጌ ያዝ አደረገችና ለቀቀችው።

«ትመጫለሽ አይደል?»

«ስምንት ሰዓት።»

ወንበሩን ለባሏ ወደ አልጋው አስጠጋችለትና ወጣች። ኮሪደሩ ረጅም ነው። አምስት ስድስት እርምጃ እንደሄደች ከኋላዋ ሹካ ሳህን ሲነካ የሰማች መሰላት። እርግጠኛ አልነበረችም። እርምጃዋን አላዘገየችም፤ ዞራም አላየች።